የቴሌግራሙ ባጃጅና የእንጅባራው ባጃጅ

አዘና ገበያ ላይ ፈረስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ከዚያ እግሩን ያነሳል፣ ትንሽ ያስሮጠዋል፣ ዓይኑ አጠገብ እጁን ያወዛውዛል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላም ብር ወዲያው አይቆጠርም፤ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ሻጩን የሚያውቅ፣ ቤቱንም የሚያውቅ፣ «ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ እኔን ያዙኝ» የሚል ሰው መሃል ላይ ይቆማል። አገው ምድር የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያከብረውን በዓል በስልካችሁም ቢሆን ሳታዩት አትቀሩም። እንዲህ ፈረስ የሚያውቅ ሕዝብ እንኳ ፈረስን ያለ ዋስ አይገዛም።

ያው ሕዝብ ባጃጅ መግዛት ሲያምረው ታዲያ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣል። ቴሌግራም ላይ ታጥቦ፣ ጎማው ቀለም ተቀብቶ፣ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ባጃጅ ይመጣለታል። ከሥሩ «ሞተር ያልተነካ፣ ዋጋ ድርድር አለው» ይላል። ከዚያ ስልክ ቁጥር። በቃ። ከፈረስ ብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ብር ዋስ የሚጠራ የለም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የላከልኝ ፎቶ እንዲህ ያለ ነበር። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አዘና ውስጥ የሰው ባጃጅ ነድቷል። ማታ ማታ ለባለቤቱ ቁርጥ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጁን ራሱ ይችላል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ቁርጥ ገቢ ማለት ዝናብ ዘነበ፣ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ ገቢው አይቀርም ማለት ነው። የራሱን ባጃጅ የፈለገው ለክብር ሳይሆን ከዚህ ለመውጣት ነው። ብሩ የመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከራሱ እቁብ፣ አክስቴ ከሸጡት ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ ከሁለት በሬዎች። እንዲህ ያለ ብር አንድ ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። ቢጠፋ ልጁ ወደ ሰው ባጃጅ ይመለሳል፤ አክስቴ ግን ወደ በሬዎቻቸው አይመለሱም።

ፊታችን የነበረው ምርጫ ሁለት ነው። እንጅባራ ውስጥ ያገለገሉ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች የሚሸጥ ነጋዴ 465 ሺህ ብር የሚላት አንዲት ባጃጅ አለችው። አዲስ አበባ ደግሞ የቴሌግራሟ ባጃጅ አለች፤ በዓመተ ምርቷም በሞዴሏም ከእንጅባራዋ ጋር አንድ ናት፣ ዋጋዋ 410 ሺህ። ልዩነቱ 55 ሺህ ብር። ልጁ ስልክ ደውሎ «ሃምሳ አምስት ሺህ እኮ ነው!» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ አሁንም ይሰማኛል። እውነቱን ነው፣ 55 ሺህ ብር አዘና ላይ ትልቅ ብር ነው።

እኔ የቤተሰቡ «ስልክ አዋቂ» ነኝ። ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ የሒሳብ ማሽኑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ጉዞ። ባጃጅን በፎቶ አይገዙም፤ ሰው መሄድ አለበት። ልጁ ብቻውን ቢሄድ ሞተር የሚያይለት ስለሌለ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ሁለት አዳር፣ ምግብ፤ በትንሹ 11 ሺህ ብር። ቀጥሎ ደላላ። ቴሌግራም ላይ «ባለቤት ነኝ» ከሚሉት ስንቶቹ ባለቤት እንደሆኑ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የደላላ ነገር ብዙ ጊዜ ሁለት በመቶ ነው፤ የ410 ሺህ ሁለት በመቶ 8,200 ብር ይሆናል። ከዚያ ጭነት። ባጃጅን ከአዲስ አበባ እስከ አዘና እየነዱ አይመጡም፤ መንገዱ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ለሦስት ጎማና ለአንድ ፒስተን ይህ ጉዞ ቅጣት ነው። አይሱዙ ላይ ማስጫን የጠየቁን 18 ሺህ ነበር። ፋይሉን ከነበረበት ወደ እኛ ክልል ለማዛወር ደግሞ ሌላ ምልልስ አለ፤ 6 ሺህ ያዝንለት።

ድምሩ 43,200 ብር። ከ55 ሺህ ሲቀነስ 11,800 ይተርፋል። ልጁ ይህን ሁሉ ለመጨረስ ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ሥራ ያቆማል። በቀን 700 ብር ብትሉት 10,500 ነው።

የተረፈን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው።

ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ቢሆንም ርካሽ ናት» አለኝ። ሰው አንዴ ልቡ ከሄደ እንዲህ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ይህ ሒሳብ የእኛ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉልኝ። ጉዞውና ጭነቱ የዕቃው ዋጋ ከፍ ስላለ አይጨምሩም። ስለዚህ የምትገዙት ባጃጅ ሳይሆን የቤት መኪና ወይም ሚኒባስ ቢሆን፣ ልዩነቱም ሦስት መቶ ሺህ ብር ቢሆን፣ አዲስ አበባ መሄዱ ያዋጣ ይሆናል። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ላይ ገዝታችሁ በአንድ አይሱዙ ብታስጭኑም ሒሳቡ ሌላ ነው። ለአንድ ባጃጅ ግን ርካሽነቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

በዚያው ሳምንት ለራሴ ጉዳይ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ስለዚህ ያለ ወጪ አየኋት። መቼስ ያልጠበቅሁት ነገር፣ ባጃጇ ጥሩ ነበረች! ሞተሯ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የተነሳችው፤ ጭስ የለም። ሻጩም ጨዋ ልጅ፣ ቡና ጋበዘኝ። ሊብሬውን አሳየኝ ስለው ግን ስሙ የእሱ አይደለም። የአንዲት ሴት ነው። እሷ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥታለች፤ ያ ሰው ደግሞ ለዚህ ልጅ ወክሏል። ታርጋው የሌላ ክልል ነው። «ችግር የለም፣ ለእናንተም ውክልና እንሰጣችኋለን፣ ስም ማዞሩን ቀስ ብላችሁ ትጨርሳላችሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣት የሚጠፋው እዚህ ቦታ ላይ ነውና። አገራችን ውስጥ መኪና በውክልና መሸጥ የተለመደ ነው። የስም ማዛወሪያውን ክፍያና ምልልስ ያስቀራል፤ ለሻጭ ይቀለዋል፣ ለገዢም ለጊዜው ይረክሳል። ነገር ግን ውክልና ሽያጭ አይደለም። ውክልና ማለት «በእኔ ስም ሆነህ አድርግልኝ» ማለት ነው፤ ንብረቱ አሁንም የወካዩ ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደሚለው ደግሞ በተለየ ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። እስቲ አስቡት፤ የማታውቋት ሴት አንድ ቀን ታርፋለች፣ ልጆቿ ውርስ ሲቆጥሩ በእናታቸው ስም የተመዘገበ ባጃጅ ያገኛሉ። ባጃጁ ደግሞ አዘና ላይ ሰው እየጫነ ነው። ወይም ሴትዮዋ ባንክ ዕዳ ይኖርባታል፣ ፍርድ ቤት ንብረቷን ሲያግድ የእናንተ ባጃጅ አብሮ ይታገዳል። እናንተ ከፍላችኋል፣ ግን ወረቀት ላይ የላችሁም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የሚያውቀው ሊብሬ ጌጥ አይደለም። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ፋይሉን ስታስከፍቱ የምታዩት ሦስት ነገር አለ፦ ባለቤቱ ማነው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ፣ ዕዳና እገዳስ አለበት ወይ። ከዚያ ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ፊት ቀርበው ይፈርማሉ። ይህ ሁሉ አሰልቺ ነው፤ ግን ዋስ ማለት እሱ ነው። ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ ከተማ ላይ ፋይሉ ይሠራል። ሻጩ እንጅባራ ከሆነና ፋይሉም እንጅባራ ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት በእግር ሊታይ ይችላል። የእኔዋ ባጃጅ ግን ሻጯ አዲስ አበባ፣ ፋይሏ ሌላ ክልል፣ ባለቤቷ ደግሞ የት እንዳለች ልጁም አያውቅም። «ሴትዮዋን በስልክ አገናኘኝ» ስለው ቡናውን ጠጣና ወደ ሌላ ወሬ ሄደ።

ተመለስኩ።

የአክስቴ ልጅ ተቆጣኝ። «አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ! ስንቱ ሰው በውክልና እየነዳ አይደል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ስንቱ ሰው እየነዳ ነው። አብዛኛው ሰው ምንም አይገጥመውም። ችግሩ የሚገጥመው ሰው ሁለት በሬውን ሸጦ የገዛው ሲሆን ነው። ክርክሩን የዘጉት አክስቴ ናቸው። ስለ ሊብሬም ስለ ውክልናም አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ዋሱ ማነው?» ብቻ አሉ። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

ባጃጅ ደግሞ ብረት ብቻ አይደለም፤ የሚሠራበት ፈቃድም ነው። በብዙ ከተሞች ባጃጅ ለመሥራት ማኅበር ውስጥ መግባትና ታፔላ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የሌላ ክልል ታርጋ የለጠፈ ባጃጅ ይዛችሁ ብትመጡ ፋይሉ እስኪዛወር ድረስ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ያሰፍራል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባጃጆች ለቀናት ከሥራ ሲታገዱ ታስታውሳላችሁ፤ ብረቱ ያው ብረት ነው፣ የት ይሠራል የሚለው ሲቀየር ግን ባለቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ ደግሞ የእኛ አካባቢ የራሱ ነገር አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። የሞባይል ኢንተርኔትም አንድ ዓመት ገደማ ጠፍቶብን ነበር። ባጃጃችሁ ተከፍሎባት ደጀን ላይ ቆማ፣ እናንተ ሻጩን በቴሌግራም ልታገኙት ሳትችሉ ሁለት ሳምንት ብታድሩ ለማን ትከሳላችሁ?

ክስ ካልን አይቀር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሸጠው ዕቃ የተደበቀ ጉድለት ካለበት ሻጩ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ገዢው ደግሞ ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በመሠረቱ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው ይላል፤ የውል ክስ ከሆነ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይሆናል። አዲስ አበባ ተዋውላችሁ፣ አዲስ አበባ ተረክባችሁ፣ ሻጩም አዲስ አበባ ከሆነ፣ ሦስቱም መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይወስዳችኋል። ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ቀን መንገድ። ዳኛው «ለሐምሌ 14 ይቅረቡ» ሲላችሁ አስቡት። ለሠላሳ ሺህ ብር ሞተር ማን ይመላለሳል? ሻጩም ይህን ያውቀዋል። ሩቅ ያለ ሻጭ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሩቅ መሆኑ ብቻ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ስላችሁ «እንግዲህ የሰፈር ነጋዴ ቅዱስ ነው» የምል እንዳይመስላችሁ። በፍጹም! የሰፈር ሻጭ ሌላ በሽታ አለው፤ አማራጭ እንደሌላችሁ ያውቃል። የእንጅባራው ነጋዴ 465 ሺህ ሲለን ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። «አዲስ አበባ በ410 አለች» ብለን ፎቶውን ስናሳየው ስልኩን አየና «ቆንጆ ናት፣ ሂዱና አምጧት» አለን። ሒሳቡን ከእኛ በፊት ሠርቶታል ማለት ነው።

ሌላው በሽታ የእኛው ነው፤ ይሉኝታ። ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ዓይን ይከፈታል፤ ጎማ ይታያል፣ ሞተር ይሰማል፣ ወረቀት ይነበባል። ከሚያውቁት ሰው ሲገዙ ግን «ምን ይለኛል» ይመጣል። ነጋዴው የአባቱ የክርስትና ልጅ፣ የአጎቱ የእቁብ ጓደኛ ይሆናል፤ «ሞተሩን ላስከፍተው» ማለት ሌባ ብሎ እንደመስደብ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ከዘመድ ገዝተው የተቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እነሱ ደግሞ ሰውን መክሰስ ቀርቶ መውቀስም አይችሉም፣ በየለቅሶው ይገናኛሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለባጃጅ ግዢ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ጎረቤትም ቢሆን ሞተሩ ይታያል።

ስለዚህ ያደረግነው ይህ ነው። ነጋዴው ሳይነገረው ማለዳ ሱቁ ሳይከፈት ደረስን። ምክንያቱም ቀጠሮ ካላችሁ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቃችኋል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ማንንም ያታልላል። ከአዘና ይዘነው የሄድነው መካኒክ ነጋዴውን የማያውቅ ሰው ነው፤ ሆን ብለን ነው። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳ፣ ከኋላ ቆሞ ጭሱን አየ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። አልነበረም። ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት አወጣት፣ ማርሽ ሲቀይር ጆሮውን ሰጠ። ፍሬኑን አየ፣ ሸራውን ገልጦ ብረቱ የተበየደ መሆኑን ፈለገ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አነበበ። አንድ ነገር አገኘ፤ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይንሸራተታል። ነጋዴው «ይህ ምንም አይደለም» አለ። መካኒኩ ምንም አላለም፤ ግን ዋጋው የወረደው በዚያ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። 452 ሺህ ላይ ቆምን። አሁን ከአዲስ አበባዋ ያለው ልዩነት 42 ሺህ ነው፤ የመንገዱን ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ከዚያ አክስቴ የሚወዱትን ክፍል አመጣሁ። «ሠላሳ ሺውን ስም ሲዞር እንሰጣለን» አልኩ። ነጋዴው ሳቀ። «አታምነኝም?» አለኝ። የይሉኝታዋ ጥያቄ መጣች ማለት ነው። «እርስዎን አምናለሁ፣ ቢሮውን ነው የማላምነው፤ ፋይል ይጠፋል፣ ሲስተም የለም ይባላል» አልኩት። ይህ መቼም ውሸት አይደለም። ሁለት ምስክር አስፈርመን ተስማማን። ሰባ ሺህ ቀብድ የተከፈለው በባንክ ነው፣ በእጅ አይደለም፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብርም አለ፣ የባንክ መተግበሪያም አለ፣ ደረሰኙ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፤ ከስልክ የወጣ ብር በስልክ አይመለስም። ላላያችሁት ባጃጅ «ቀብድ ላክልኝ፣ ሌላ ገዢ መጥቷል» የሚላችሁ ሰው ካለ ሌላው ገዢ ይውሰዳት።

በነገራችን ላይ ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አልጋና ማብሰያ ያለው፣ ቤት የሆነ መኪና የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ካምፐር ይሉታል። እዚያም ክርክሩ ያው ነው፦ ከሰፈር ነጋዴ በውድ እንግዛ ወይስ ሌላ ስቴት ሄደን በርካሽ? ሩቅ ሄደው የገዙት ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃው ዋስትና ላይ እያለ ሲበላሽ የሰፈሩ ነጋዴ «መጀመሪያ ከእኔ የገዙትን ልጨርስ» ይላቸዋል። ግብሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው መኪናው በሚመዘገብበት ስቴት ሕግ ስለሆነ ሩቅ መሄዱ ከእሱ አያስመልጥም። ሀብታም አገርም ሆኖ ጥያቄው «ሲበላሽ ማን ጋ እሄዳለሁ?» ነው።

የእኛ ባጃጅ የተበላሸችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያው ፍሪሲዮን። ልጁ ሲነግረኝ «ይኸው የሰፈርህ ባጃጅ» ብሎ ጀመረ፤ መብቱ ነው። ወደ ነጋዴው ሄደ። «ስሸጥልህ ደህና ነበረች» ተባለ። ልጁ አልተጨቃጨቀም፤ ባጃጇን ሱቁ በር ላይ አቁሞ ቁጭ አለ። የገበያ ቀን ነበር። ባጃጅ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» እያለ ይጠይቀዋል፤ እሱም በትሕትና ያስረዳል። እስከ ምሳ ሰዓት ነጋዴው ጠራው። የመለዋወጫውን ዕቃ ነጋዴው፣ የእጅ ዋጋውን ልጁ ሊችሉ ተስማሙ። አዲስ አበባ በር ላይ ቁጭ ለማለት ይህ ልጅ አልጋ መከራየት ነበረበት። ያልተከፈለው ሠላሳ ሺህም በዚያ ቀን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሁለቱም ያስቡት ነበር።

ለመለዋወጫ ግን አዲስ አበባን አትናቁት። መርካቶ ሱማሌ ተራ የሚገኘው ዕቃ እኛ ጋ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። የሚመላለስ ሹፌር ካወቃችሁ በሰው ማስመጣት ያዋጣል፤ መለዋወጫ ሊብሬ የለውም፣ ፋይል የለውም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ሩቁን ለዕቃ፣ ቅርቡን ለባጃጁ እያልን ነው አሁን የምንሠራው።

ስሙ ዞሮ ለማለቅ ሁለት ወር ፈጀ። አንድ ቀን «ሲስተም የለም» ተባለ፣ አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ገባ፣ መንገድ የተዘጋበትም ሳምንት ነበር። ነጋዴው በየሳምንቱ «ሠላሳ ሺዬስ?» ይላል፤ እኛም «ሊብሬዬስ?» እንላለን። በመጨረሻ ራሱ ነው ፋይሉን ተከትሎ ያስጨረሰው። ልጁ ሦስተኛ ወገን መድኑን በራሱ ስም ገባ፣ ታፔላውን አወጣ፤ አክስቴ ሊብሬውን ገልብጠው አዩና የልጃቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

አሁን ደግሞ የልጁ ጓደኛ ተነስቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ወሬ ነው የሚያወራው፤ እሱም ከአዲስ አበባ ባለ ሦስት እግር ኤሌክትሪክ ሊያስመጣ ነው። አዲስ ዕቃ ነው፣ ደረሰኝም ዲክላራሲዮንም አለው ይላል። እኔም አዲስ ከሆነ ወረቀቱ ያን ያህል አያስፈራም፣ ሩቅም ቢሆን ይሞከራል አልኩት። ሻጩን ግን ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብዬዋለሁ፦ ባትሪው ቢደክም የቅርቡ ሠሪ የት ነው ያለው፣ ዋስትናውስ አዘና ላይ ይሠራል ወይስ ጭናችሁ አምጡት ትላላችሁ? ጠይቆታል። ሻጩ እስካሁን የመለሰለት በአውራ ጣት ስቲከር ነው።